ጉብታ መቁጠር ፍልፈል መቁጠር አይደለም

ክረምት ሲገባ ስልኬ እረፍት የለውም። ሐዋሳ ተቀምጬ የሰብል ጥበቃ እሠራለሁ ማለቴ ነው ጣጣው። ከወንሾ እስከ አለታ ወንዶ ያለ ዘመድ ሁሉ ይደውላል። ጥያቄው ያው ነው፤ «እንሰቱ ውስጥ ሃያ ፍልፈል ገብቷል፣ የትኛውን መርዝ እንግዛ?» ሃያ መሆናቸውን በምን አወቃችሁ ስላቸው መልሱም ያው ነው። «ቆጠርናቸዋ!»

የቆጠሩት አፈር ነው። ፍልፈል አንድም አላዩም።

እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና የሚደውለውን ሁሉ «አንብብ» ብዬ ልገላገል።

«አንድ ጉብታ፣ አንድ ፍልፈል» የሚለው ነው ዋናው ስህተት። የደጋችን ፍልፈል ብቸኛ እንስሳ ነው። አንድ ዋሻ፣ አንድ ባለቤት። ወንዱና ሴቷ የሚገናኙት ለመራባት ነው፤ ከዚያ በየፊናቸው። አንድ ዋሻ ውስጥ ከአንድ በላይ ከተገኘ እናት ከልጆቿ ጋር ናት። ልጆቹም ጠንከር ሲሉ ወጥተው የራሳቸውን ይቆፍራሉ።

ታዲያ ያ ሁሉ ጉብታ ከየት መጣ? ፍልፈሉ ሥር ፍለጋ ከመሬት በታች በአግድም ይሄዳል። የቆፈረው አፈር መድረሻ ይፈልጋል። እዚያው ቢተወው መንገዱ ይዘጋበታል። ስለዚህ በየመንገዱ ወደ ላይ ይከፍትና አፈሩን ገፍቶ ያወጣል፤ መልሶ ከታች ይደፍነዋል። ጥቂት ሄዶ ሌላ ይከፍታል። አንዱ ፍልፈል ብቻውን ጓሮህን በጉብታ ሊሞላው ይችላል። ክረምት ላይ የሚብሰውም የረጠበ አፈር ለመቆፈር ስለሚቀል ነው። (በጋውን ተኝቶ ከርሞ አይደለም። ፍልፈል ተኝቶ አይከርምም፤ እሱም ሌላው ተረት ነው።)

የአክስቴ ባል ወንሾ ውስጥ እንሰት አላቸው። «ጋሼ፣ አንድ ቢሆን ነው» ብላቸው ተቆጡ። «ጓሮዬን ሠራዊት ወርሮት አንድ ትለኛለህ?» ሄጄ አየሁት። ጉብታዎቹ ከሞላ ጎደል በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ከአጥሩ ጥግ ተነስተው ወደ እንሰቱ። ትኩሱ ጉብታ አጠገብ ወጥመድ አስቀመጥን። አንድ የደለበ ወንድ ተያዘ፣ ጥርሱ ብርቱካን የመሰለ። ከዚያ በኋላ አዲስ ጉብታ ጠፋ። እሳቸው ግን አሁንም አላመኑኝም። «የቀሩት ፈርተው ሸሹ» ነው የሚሉት።

ከጊዜ በኋላ ጉብታው እዚያው ቦታ ላይ ተመለሰ። ይህም ይጠበቃል። ባለቤቱ የተያዘበት ዋሻ ባዶ ቤት ነው፣ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ባዶ ቤት ስንት ቀን እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። አጥር ማዶ ያለው ወጣት ፍልፈል አዲስ ከመቆፈር ገብቶ መኖርን ይመርጣል። ስለዚህ ይዛችሁ አትተዉት። ዋሻውን እስከምትችሉበት ድረስ ቆፍራችሁ ናዱት፣ ደልድሉት። ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ በአንድ ሰሞን ብትይዙ ደግሞ ይሻላል። የእናንተ ጓሮ ጸድቶ የጎረቤት ከሞላ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ፍልፈል እንደ ቤት አይጥ አይራባም። የቤት አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ብዙ ትወልዳለች። የፍልፈል እርግዝና ከወር ተኩል ያልፋል፣ የምትወልደውም ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ፍልፈል ያዛችሁ ማለት ትልቅ ሥራ ሠራችሁ ማለት ነው።

አያያዙንም ቢሆን ከእኔ ይልቅ አባቶች ያውቁታል። ፍልፈል የተከፈተ ዋሻ አይወድም። ነፋስና ብርሃን ሲገባበት ሊደፍን ይመጣል። ስለዚህ ትኩሱን መስመር ትከፍታለህ፣ የሽቦ ማነቂያውን መተላለፊያው ላይ ታደርጋለህ፣ ከጎበጠ እንጨት ጋር ታስራለህ። ሊደፍን ሲመጣ ይያዛል። አለቀ። ይህን የሚያውቅ አዛውንት መንደሩ ውስጥ እያለ ወጣቱ ሐዋሳ ድረስ ለመርዝ ሲመጣ ይገርመኛል።

«ውሃ ሙላበት»፣ «በርበሬ አጭስበት» ለሚሉኝ፦ ሲከፈት የሚደፍን እንስሳ ነው አልኩ እኮ። ውሃውም ጭሱም ሳይደርስበት በአፈር ይዘጋል። የምታስሉት እናንተ ናችሁ።

መርዙማ ይባስ። ገበያ ላይ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ በእህል ተለውሶ መሬት ላይ ይበተናል። ፍልፈል ግን ምግቡ ሥርና አሚቾ (መሬት ውስጥ ያለው የእንሰቱ ወፍራም ግንድ) ነው፤ መሬት ላይ የወደቀ እህል ሊለቅም አይወጣም። የሚለቅመው ዶሮህ ነው። የሞተውን የሚበላው ውሻህ ነው።

«ፍልፈል ዕውር ነው።» አይደለም። ዓይኑ ትንሽ ነው፣ ፀጉር መሃል ይደበቃል፤ ግን ያያል። ዕውር የሆነው መካከለኛው ምሥራቅ ያለው ሩቅ ዘመዱ ነው፤ የዚያ ዓይን ቆዳ ሥር ተሸፍኗል። የሚያናድደኝ ደግሞ የተማረ ሰው የሚጨምርባት ማብራሪያ ናት፤ «ጨለማ ውስጥ ስለኖረ ዓይኑን አልተጠቀመበትም፣ ስላልተጠቀመበት ጠፋ።» ዝግመተ ለውጥ እንዲህ አይሠራም። አባት ዓይኑን ስላልተጠቀመበት ልጁ ትንሽ ዓይን ይዞ አይወለድም። መሬት ውስጥ የትልቅ ዓይን ጥቅም ጥቂት ነው፣ ጣጣው ግን ብዙ፤ አፈር ይገባበታል፣ ይቆስላል፣ የሰውነትን ጉልበት ይበላል። ድሮ በአጋጣሚ ትንሽ ዓይን ይዘው የተወለዱት ምንም አልጎደለባቸውም። እነሱ ተርፈው ወለዱ፣ የነሱ ዘር በዛ። ከንፈሩንም እዩት፤ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ነው የሚዘጋው። አፉን ዘግቶ በጥርሱ ይቆፍራል፣ አፈር አይበላም።

«በመንጋ ነው የሚኖሩት፣ ንግሥት አላቸው» የምትለዋ ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። ከፌስቡክ ናት። ያ ፀጉር የለሽ፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ጥርሱ የወጣ እንስሳ ፎቶ። ያ የኛ የደጋው ፍልፈል አይደለም። ራቁቱ ፍልፈል በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ቆላ ነው የሚኖረው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እውነትም በመንጋ ይኖራል፤ የምትወልደው አንዲት ንግሥት ብቻ መሆኗን ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጃርቪስ በ1981 አሳውቃለች። ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ያለ ኦክስጅን 18 ደቂቃ መቆየት እንደሚችል ደግሞ በ2017 ታይቷል። ተአምር ነው፣ አልክድም። ግን በሥጋ ዝምድና ከኛ ፍልፈል ይልቅ ለጃርት ይቀርባል። የኛው ደግሞ ለቤት አይጥና እስያ ውስጥ ቀርከሃ ለሚበላው አይጥ ይቀርባል። መልካቸው የተቀራረበው ሁለቱም መሬት ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። የዚያን ታሪክ አምጥቶ ወንሾ ጓሮ ላይ መለጠፍ ነው ሃያ ፍልፈል የሚያስቆጥረው።

«ጥርሱ መርዝ አለው።» የለውም። ጣትህን ግን አትስጠው።

«ምንም ጥቅም የሌለው ፍጥረት» ለሚሉ ባሌን ልጥቀስ። ባሌ ተራራ አናት፣ ሳነቴ አምባ ላይ የሚኖረው ግዙፉ ፍልፈል አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ዓይኖቹ ወደ ራሱ አናት ወጣ ያሉ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ገና አንገቱ ሳይወጣ ዙሪያውን ያያል። ማየት አለበት፣ ምክንያቱም ቀይ ቀበሮ ይጠብቀዋል። በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ጎልማሶች ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ፣ ባሌ ላይ ከሚበላው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ፍልፈል ነው። ሰውም በልቶታል። ባሌ ተራራ ላይ ፊንጫ ሃበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ የኖሩ ሰዎች ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር ከተቃጠለው አጥንት ታውቋል።

አንዲት ነገር ቀረችኝ፣ ለእንሰት ገበሬ ከሁሉም የምትብሰው እሷ ናት። «እንሰቱ ጠወለገ፣ ፍልፈል ነው።» ሁልጊዜ አይደለም! ፍልፈል የበላው እንሰት ከሥሩ ይላላል፣ ያዘነብላል፣ ስትገፋው ይንገዳገዳል፤ አጠገቡም ጉብታ አይጠፋም። እንሰቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከተኮማተረ ግን የቅጠሉን ግንድ ቁረጥ። ትንሽ ጠብቅ። ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ካለ የአጠውልግ በሽታ ነው። ፍልፈል ስታሳድድ በዚያው ቢላዋ ሌላውን እንሰት ብትቆርጥ በሽታውን የምታዛምተው አንተ ነህ። የታመመውን ከነሥሩ ነቅለህ ከማሳው ራቅ አድርገህ ቅበር። ቢላዋውን ቀጣዩን እንሰት ከመንካትህ በፊት እሳት ላይ ያዘው።