በደረትና በሆድ ላይ የሚደርስ የስለትና የጥይት ቁስል

በቢላዋ ወይም በጥይት የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ከውጭ የሚታየው ቀዳዳ ብዙ አይናገርም። ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የስለት ቁስል ጉበት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም አየር ስናስወጣ እስከ ጡት ጫፍ ከፍታ ስለሚወጣ፣ ከዚያ በታች ደረቱን የተወጋ ሁሉ ሆዱም ተነክቶ እንደሆነ ይጠረጠራል። ልብሱ ወልቆ ጀርባው፣ ብብቱና ብሽሽቱ መታየት አለበት። ተሰክቶ የቀረ ቢላዋ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይገባ አይነቀልም፤ የተቆረጠውን የደም ሥር ደፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው የደረት ቁስል ደምና አየር ለማውጣት በጎን በኩል በሚገባ ቱቦ ብቻ ይድናል። ቱቦው ወዲያው 1,500 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ካወጣ፣ ወይም በየሰዓቱ 200 ሚሊ ሊትር እየፈሰሰ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ከዘለቀ፣ ደረቱ ይከፈታል። የተወጋ ልብ ሰፍቶ ማዳን እንደሚቻል ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን እ.ኤ.አ. በ1896 ፍራንክፈርት ውስጥ አሳይቷል።

የሆድ ቁስል ረጅም ክርክር አለው። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1899–1902) የእንግሊዝ ሐኪሞች ሆዱን የተመታ ወታደር ባይከፈት ይሻላል ይሉ ነበር። በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ደግሞ ሩሲያዊቷ ቀዶ ሐኪም ቬራ ጌድሮይትስ በባቡር ፉርጎ ውስጥ ቁስለኞችን ቶሎ እየከፈተች ብዙዎችን አተረፈች። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ የተወጋ ሆድ ሁሉ መከፈቱ ደንብ ሆኖ ቆየ። ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሁሉም መከፈት የለበትም ብሎ የነቀነቀው በብሩክሊን ኪንግስ ካውንቲ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጄራልድ ሻፍታን ነው። ጠንካራው ማስረጃ ግን ከአህጉራችን መጣ፤ ብዙ የተወጋ ሰው ያየ እጅ የሚያውቀውን ሌላው አያውቀውም። በሶዌቶው ባራግዋናት ሆስፒታል ሆዳቸውን በስለት የተወጉ 651 ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። 306ቱ ሳይከፈቱ ክትትል ተደረገላቸው፤ ከእነሱ መካከል ኋላ ላይ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 11 ብቻ ነበሩ።

የደም ግፊቱ የወረደ ወይም ሆዱ በሙሉ ጠንክሮ ሲነካ የሚያመው ሰው ዛሬም ያለ ክርክር ይከፈታል። አንጀቱ የወጣውን ብዙዎች ይከፍቱታል፤ እስከዚያ በጨው ውኃ በራሰ ጎዝ ይሸፈናል እንጂ ወደ ውስጥ አይገፋም። ራሱን የሳተ ወይም የሰከረ ሰው ሕመሙን በትክክል ስለማይናገር ለክትትል አይመችም። በጥይት የተመታን ሰው ሳይከፍቱ መከታተል ገና ያከራክራል፤ የኬፕታውኑ ግሩት ስኩር ሆስፒታል ሐኪሞች ተመርጠው ሊታለፉ የሚችሉ አሉ ይላሉ፣ ለሌሎች ግን ድፍረት ሳይሆን አይቀርም።

በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቁር አንበሳ ተጀመረ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታልም ለአደጋና ለቃጠሎ ሕክምና የቆመ ነው። ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታል ክትትሉ አንድ ሐኪም ሆዱን ደጋግሞ መዳሰሱ፣ አልትራሳውንድና የልብ ምት መዝገብ ነው። መዝገቡን ሌሊቱን ሙሉ የምትሞላው ነርስ ናት፤ ምቱ ሲፈጥን ቀዶ ሐኪሙን የምትቀሰቅሰውም እሷ ናት።