የሥዕል ሶፍትዌር፦ በወር ኪራይ ወይስ በአንድ ጊዜ ግዢ?

በኮምፒውተር፣ በታብሌት ወይም በስልክ ለሚሥል ሰው ሶፍትዌሩ ሸራውም ቀለሙም ብሩሹም ነው። ይህን መሣሪያ በሁለት መንገድ መያዝ ይቻላል። በአንድ ጊዜ ግዢ ዋጋው አንዴ ተከፍሎ ያለቀ ነው፤ ቅጂውም ከገዢው ጋር ይኖራል። ሰብስክሪፕሽን በሚባለው ደግሞ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈላል፣ ክፍያው የቆመ ዕለት ፕሮግራሙም ይዘጋል። በሥዕል ለሚተዳደር ባለሙያ ልዩነቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ወጪውን ከደንበኛው ይመልሳል። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ብቻ ለሚሥል፣ ከሥዕሉ አንድ ሳንቲም ለማያገኝ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ መክፈል ያቆምኩ ቀን እጄ ላይ ምን ይቀራል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወርሃዊው ክፍያ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል የሠሩት ፎቶሾፕ በ1990 በአሜሪካው አዶቢ ኩባንያ በኩል ለአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ እንደማንኛውም ሸቀጥ በካርቶን ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይም በዚሁ ቀጠለ። የመጨረሻው የካርቶን ዘመን ቨርዥን ሲኤስ6 በአሜሪካ 699 ዶላር ያወጣ ነበር። ውድ ነው፤ ለተማሪ ደግሞ የማይታሰብ። ሆኖም አንዴ የገዛ ሰው ቀጣዩን ቨርዥን መዝለል ይችል ነበር፤ ሲያሻውም ሁለቱን። ኩባንያው ከዚያው ሰው ዳግመኛ ገንዘብ የሚያገኘው አዲሱ ከአሮጌው በግልጽ ከተሻለ ብቻ ነው። እንደኔ አስተያየት ኪራዩ ሲመጣ ከገዢው እጅ የወጣው ትልቁ ነገር ይህ «ይቅርብኝ፣ ያለኝ ይበቃኛል» የማለት ዕድል ነው።

አዶቢ በ2012 ክሪኤቲቭ ክላውድ የተባለውን ወርሃዊ አገልግሎት ጀመረ፤ በሜይ 2013 ደግሞ ከሲኤስ6 በኋላ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚሸጥ አዲስ ቨርዥን እንደማይኖር አስታወቀ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች የተቃውሞ ፊርማ አሰባሰቡ። ውሳኔው አልተቀየረም። ለኩባንያው ነገሩ ግልጽ ነበር፦ በየሁለት ዓመቱ ከሚመጣ የገቢ ጎርፍ ይልቅ በየወሩ የሚንጠባጠብ የማይደርቅ ገቢ ይሻላል፤ የተሰረቀ ቅጂንም ለመቆጣጠር ይመቻል። ያኔ ፎቶሾፕ ለብቻው በወር 20 ዶላር ገደማ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ለፎቶ አንሺዎች የወጣው ጥቅል ወደ 10 ዶላር ወረደ። በ20 ዶላሩ ሲሰላ የድሮው 699 ዶላር ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ለሚጠቀምበት ሰው ይህ የሚያስከፋ ሒሳብ አይደለም፤ በየጊዜው የሚመጡት ማሻሻያዎችም ተጨማሪ አያስከፍሉትም።

ችግሩ የትርፍ ጊዜ ሠዓሊ አኗኗር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ወር በየማታው ይሥላል፤ ከዚያ ፈተና ይደርሳል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ወይም እንዲሁ ልቡ ከሥዕሉ ይርቅና ግማሽ ዓመት ብዕሩን አይነካም። ክፍያው ግን ልብ የለውም፤ በወሩ ቀን ይመጣል። «ያልሣልኩበትን ወር ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ለማቋረጥ ሲሞክርም ሌላ ነገር ይገጥመው ይሆናል። ብዙዎች በወር የሚከፈል ሆኖ ስላዩት የወር ውል የሚመስላቸው የአዶቢ ጥቅል በእርግጥ የዓመት ውል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት መሐል ለሚያቋርጥ የቀረው ክፍያ ግማሽ ይጠየቃል። የአሜሪካ መንግሥት በጁን 2024 አዶቢን የከሰሰው ይህን የማቋረጫ ክፍያ በሚገባ አላሳወቀም፣ ማቋረጡንም ሆን ብሎ አስቸጋሪ አድርጓል በሚል ነው።

በሁለቱ መንገዶች መካከል የቆመው፣ ለዚህ ጽሑፍም ከሁሉ አስተማሪ የሆነው፣ የጃፓኑ ሴልሲስ ኩባንያ ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት ነው። ማንጋ የተባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ የሚሠሩ፣ ገጸ ባሕርይ የሚነድፉ ወጣቶች ከፎቶሾፕ ሸሽተው የተጠለሉበት ቤት ይኸው ነበር። ፕሮ የተባለው ዓይነቱ ለኮምፒውተር 50 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ በቅናሽ ስለሚሸጥም ነገሩን የሚያውቅ ሰው ያንን ቀን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አዳዲስ ነገር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣለት ነበር። በ2017 ለአይፓድ ሲወጣ ግን በሰብስክሪፕሽን ብቻ ሆነ፤ በስልክ ደግሞ ያልከፈለ ሰው በቀን አንድ ሰዓት እንዲሠራ ይፈቀድለት ነበር። ቀለም ቀብቶ ሊጨርስ ሲል ሰዓቱ ያለቀበት ሠዓሊ ምን እንደሚል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ትልቁ ቅሬታ የተነሣው በኦገስት 2022 ነው። ኩባንያው ከቨርዥን 2 ጀምሮ አንዴ የገዛ ሰው የገዛውን ቨርዥን ብቻ እንደሚይዝ፣ አዲስ ነገር የሚፈልግ ደግሞ ወይ ቀጣዩን ቨርዥን እንደሚገዛ ወይ አፕዴት ፓስ የተባለ ዓመታዊ ክፍያ እንደሚከፍል ተናገረ። ደንበኞቹ «እናንተም እንደ እነሱ?» በሚል ስሜት ተቆጡ፤ ኩባንያው ደጋግሞ ማብራሪያ ለመስጠት ተገደደ። ቨርዥን 2 በማርች 2023 ወጣ፣ 3 እና 4 ደግሞ በ2024 እና በ2025 ማርች ተከተሉ። ጫጫታው በርዶ ሲታይ ዝግጅቱ የሚጠላ አይደለም፤ ፓሱን ያቋረጠ ሰው ቀድሞ ወደ ገዛው ቨርዥን ይመለሳል እንጂ ባዶ እጁን አይቀርም። የድሮው የካርቶን ዘመን ውል በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው፤ ቅሬታው የበረታውም ሰዎች ለዓመታት በነፃ የለመዱት ነገር ስለቀረባቸው ይመስለኛል።

ፕሮክሪዬት የተለየ ታሪክ አለው። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደሴት የሚገኘው ሳቬጅ ኢንተራክቲቭ በ2011 ያወጣው ይህ የአይፓድ መተግበሪያ አሁን በአሜሪካ 13 ዶላር ያህል ነው፤ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል፣ ኩባንያውም ወርሃዊ ክፍያ የማስገባት ሐሳብ እንደሌለው በይፋ ተናግሯል። ርካሽነቱ ግን በከፊል የዓይን ማታለያ ነው። የሚሠራው በአይፓድ ብቻ ስለሆነ አይፓዱና አፕል ፔንስሉ የመግቢያው እውነተኛ ዋጋ ናቸው።

በእንግሊዝ ኖቲንግሃም የተመሠረተው ሰሪፍ ከ2014 ጀምሮ አፊኒቲ በተባሉት የዲዛይንና የፎቶ ፕሮግራሞቹ «ሰብስክሪፕሽን የለም» እያለ ደንበኛ ሰብስቧል። በማርች 2024 ካንቫ የተባለው የኢንተርኔት ዲዛይን ኩባንያ ሲገዛው ሁሉም ኪራይ ይመጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። የሆነው ማንም ያልጠበቀው ነው፤ በኦክቶበር 2025 አፊኒቲ የካንቫ አካውንት ለከፈተ ሁሉ ነፃ ሆነ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎቹ ብቻ ለከፋይ ተለዩ። ነፃ ነገር መልካም ነው፤ የአካውንቱ ቁልፍ ግን ከኩባንያው ዘንድ እንዳለ አይዘነጋም።

በአንድ ጊዜ የተገዛ ነገርም ዘላለማዊ አይደለም፤ ይህን የግዢ ደጋፊዎች ብዙ አያነሡትም። የቆየ ፕሮግራም ሲጫን ከኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ከተዘጋ ሕጋዊ ገዢም ደጅ ላይ ይቀራል። አዶቢ የሲኤስ2ን ሰርቨር በዘጋ ጊዜ ፈቃድ የማይጠይቅ ቅጂ አዘጋጅቶ ነበር፤ በ2013 መጀመሪያ ብዙ ሰው ፕሮግራሙ በነፃ የታደለ መስሎት ለማውረድ ተሻምቷል። አፕል ደግሞ በ2019 ባወጣው ካታሊና በተባለው የማክ ኮምፒውተር ሥርዓት ባለ 32 ቢት ለሚባሉት የቆዩ ፕሮግራሞች በሩን ሲዘጋ ብዙ የተገዙ ዕቃዎች በአንድ አፕዴት ሞቱ። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ያረጀ ላፕቶፑን አፕዴት ሳያደርግ፣ ከኢንተርኔት ነጥሎ ለሥዕል ብቻ የሚያቆየው።

ከሁለቱም ጎራ ውጭ ያለው ክሪታ ነው። ኬዲኢ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ ሥር የሚሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሥዕል ፕሮግራም ሲሆን ከድረ ገጹ ያለ ክፍያ ይወርዳል። ስቲምና ማይክሮሶፍት ስቶር በተባሉት የኢንተርኔት መደብሮች ግን በገንዘብ ይሸጣል፤ የሚከፍሉት ሰዎች ነፃ መሆኑን እያወቁ ሥራውን ለመደገፍ የሚከፍሉ ናቸው። ለፎቶ ማስተካከያ ከፎቶሾፕ ጋር አይወዳደርም፣ ለሥዕል ግን ጀማሪ «አልበቃኝም» ለማለት ዓመታት ይፈጅበታል።

ለኢትዮጵያዊ ሠዓሊ የኪራዩ ጉዳይ ከዋጋው በፊት የሚጀምረው ከካርዱ ነው። አብዛኛው የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ ለውጭ ክፍያ አይሠራም፤ ስለዚህ ዋሽንግተን ያለች እህት ወይም ዱባይ የሚሠራ ጓደኛ ካርዱን ያውሳል። አንድ ጊዜ «እባክህ ይህችን ግዛልኝ» ማለት ይቻላል። በየወሩ የሰው ካርድ መጠቀም ግን ይሉኝታ ያስይዛል፤ ካርዱ የተቀየረ ወር ደግሞ ሥዕሉ ይቆማል። ምንዛሪውም አለ፦ በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ዓመቱ ሳያልቅ ከ120 አለፈ። የ10 ዶላር ኪራይ ምንም ሳይጨመርበት በብር እጥፍ ሆነ። በ2023 ለክሊፕ ስቱዲዮ 50 ዶላሯን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ግን ይህ ዜና ሥዕሉን አልነካበትም።

በዚህ ሁሉ መሐል ነው በፍላሽና በቴሌግራም የሚዘዋወረው ክራክ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ፣ የሚነግሠው። አገሪቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አላት፤ በየኮምፒውተር ቤቱ ግን «ፎቶሾፕ ይጫንልኝ» ማለት እንደ ሻይ ማዘዝ ነው። በሥነ ምግባሩ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ከክራኩ ጋር ቫይረስ ተደርቦ የመምጣቱ ዕድል ግን አያከራክርም፣ ክሪታ እያለ ደግሞ አደጋው አላስፈላጊ ነው።

የፖለቲካ አደጋም አለ። በኦክቶበር 2019 አዶቢ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በቬኔዝዌላ ያሉ አካውንቶችን ሁሉ ሊዘጋ መሆኑን፣ መጀመሪያም ገንዘብ እንደማይመልስ አስታውቆ ነበር። በመጨረሻ ፈቃድ አግኝቶ ተወው። ካርቶን የገዛ የካራካስ ሠዓሊ በነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ አላጣም።

ኪራይ የመረጠም ቢሆን ሥራውን በየጊዜው በሌላ መልክ ማስቀመጥ ይጠቅመዋል። የፎቶሾፕ ፒኤስዲ ፋይል በክሪታም በክሊፕ ስቱዲዮም ሌየሮቹን (ሥዕሉ የተደራረበባቸውን ንብርብሮች) እንደያዘ ይከፈታል፤ ጽሑፉና አንዳንድ ማስተካከያዎቹ ግን እንደነበሩ ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ያለቀ ሥዕል ከፒኤስዲው ጎን አንድ ፒኤንጂ ወይም ቲፍ ቅጂ ይኑረው፤ እነዚህን ለመክፈት የማንንም አካውንት መክፈት አያስፈልግም።