የሀል ሃውስ የእጅ ሥራ ክፍሎችና የቺካጎ ስደተኞች

ሀል ሃውስ በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ፣ በሆልስቴድ ጎዳና ላይ፣ ከ1889 ጀምሮ ስደተኞችን ሲያስተምርና ሲያሰባስብ የኖረ ቤት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቾቹ ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነበሩ። አርአያቸው በ1884 በምሥራቅ ለንደን የተቋቋመው ቶይንቢ ሆል ነው፤ በዚያ የተማሩ ወጣቶች በድኻ ሰፈር መካከል ቤት ይዘው እየኖሩ ጎረቤቶቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በ1856 ለአንድ የቺካጎ ሀብታም መኖሪያ የተሠራውን ቤት ይዘው የጀመሩት ሥራ በ1907 ወደ 13 ሕንፃዎች አድጎ ነበር። ስለ ቤቱ የተጻፈው ብዙው ነገር ለሠራተኛ ሕግ መውጣትና የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ በመቃወም ስላደረገው ትግል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። የእጅ ሥራ ክፍሎቹ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋሉ፤ አንድ ስደተኛ በሰው አገር «እኔም እዚህ ሰው ነኝ» የሚለው መቼና በምን ምክንያት እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ ጥርት አድርገው የሚያሳዩት ግን እነሱ ናቸው።

በዙሪያው የሰፈሩት ጣሊያኖች፣ ግሪኮች፣ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ አይሁዶች፣ ቦሔሚያውያን፣ ጀርመኖችና አየርላንዳውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ሲሆኑ፣ በጠባብ የኪራይ ክፍል ታጭቀው በልብስ ስፌትና በፋብሪካ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገብተው እንግሊዝኛውን ቶሎ ይለምዳሉ፤ ወዲያውም የቤቱ አስተርጓሚ ይሆናሉ። ከቤት አከራዩ ጋር የሚነጋገረው ልጅ ነው፤ የመንግሥት ደብዳቤ የሚያነበውም እሱ ነው። በአገሩ ቤተሰቡን ያስተዳድር የነበረ አባት በልጁ ምላስ የሚናገር ሰው ይሆናል። ይህን ነገር በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ልጅ ያሳደገ አማርኛ አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ልጁ ከቤት ይዞት የመጣውን ቋንቋና ልማድ ቶሎ መጣል ያለበት ሸክም አድርጎ ያየው ነበር፤ አዳምስን ያሳሰባት ልጆቹ አሜሪካዊ መሆናቸው ሳይሆን በወላጆቻቸው ማፈራቸው ነው።

የሀል ሃውስ የመጀመሪያው የጥበብ ሥራ ግን ይህን ችግር አልነካውም። በ1891 የተጨመረው አዲስ ሕንፃ የሥዕል ማሳያ ነበረው፤ የሥዕል ትምህርቱንም ኤኔላ ቤኔዲክት ለብዙ አሥርት ዓመታት መርታዋለች። ስታር ወደ ለንደን ተጉዛ የመጽሐፍ አጠራረዝ ሙያ ከተማረች በኋላ በቤቱ ውስጥ የመጠረዣ ክፍል ከፈተች፤ በ1897ም የቺካጎ የእጅ ጥበብ ማኅበር እዚያው ተመሠረተ። ይህ ሁሉ በቅን ልቦና የተደረገ ነው፤ ሆኖም መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው። ያለው ይሰጣል፣ የሌለው ይቀበላል፤ ስደተኛው ምንጊዜም ተማሪ ነው።

አቅጣጫውን ያስቀየረው፣ አዳምስ ራሷ እንደተረከችው፣ በሰፈሩ በፖልክ ጎዳና ስታልፍ ያየችው ነገር ነው። አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ሱፍ የተጠቀለለበትን በትር ይዘው በቀላል የእንጨት እንዝርት ይፈትላሉ፤ ፊታቸው ላይ የአገር ናፍቆት ይነበባል። አዳምስ ስትቀርብ ፊታቸው በራ፤ እንዝርቱን ከፍ አድርገው እያሳዩ፣ ጥቂት ከፈተሉ በኋላ ለክርስትና ልጃቸው ካልሲ እንደሚሠሩበት ነገሯት። ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ የምትለቅ እናት ያየ ሰው ይህን ሥዕል ለማየት አይቸገርም። አዳምስ በዚያች ቅጽበት የተረዳችው፣ ልጆቹ በፋብሪካ ማሽን ፊት የሚሠሩት ሥራ ዘሩ በእነዚህ አሮጊቶች እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ይህን የሚያሳያቸው ግን እንደሌለ ነው።

ከዚህ የተነሣ በኅዳር 1900 የሥራ ሙዚየም ተከፈተ። ሙዚየም ይባል እንጂ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ የሚታይበት ቦታ አልነበረም፤ ሰዎች እየሠሩ የሚታዩበትና የሚያስተምሩበት ክፍል ነበር። የመጀመሪያዋ ኃላፊ ጄሲ ሉተር ነበረች። የፈትልና የሽመና፣ የእንጨት፣ የብረታ ብረት፣ የሸክላ፣ የእህልና የመጽሐፍ ሥራዎች እየተለዩ የቀረቡ ሲሆን፣ ከሁሉ የሞላው የፈትሉ ክፍል ነበር፤ ሶርያዊት፣ ግሪካዊት፣ ጣሊያናዊት፣ ሩሲያዊትና አየርላንዳዊት ሴቶች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአገራቸው መንገድ ይፈትሉ ነበር። በእጅ ከሚሾረው እንዝርት ተነሥቶ ባለ መንኮራኩሩን መፍተያ አልፎ እስከ ፋብሪካው ማሽን የሚደርሰው መንገድ በዓይን እንዲታይ ተደርጎ ተደርድሯል። በዚያን ጊዜ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውና የሀል ሃውስ ወዳጅ የነበረው ፈላስፋው ጆን ዱዊ ትምህርት ከሰው የኑሮ ልምድ መነሣት አለበት ይል ነበር፤ አዳምስም የሙዚየሙን ዓላማ ያስረዳችው በእሱ ቃላት ነው።

ይህ አሠራር ምን እንደሚያደርግ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ አዳምስ የተረከችው የአንዲት ልጅ ታሪክ ይናገራል። ልጅቱ ቅዳሜ ማታ ለምግብ ዝግጅት ትምህርት፣ እናቷ ደግሞ በዚያው ሰዓት በሙዚየሙ ለመፍተል ይመጣሉ። ልጅቱ ግን እናቷን በፊት ለፊቱ በር ትታ እሷ በሌላ በር ትገባ ነበር፤ ሻሽ ያሠሩና የአገር ቤት ቀሚስ የለበሱ ጣሊያናዊት ገበሬ እናቷ መሆናቸው እንዲታወቅባት አትፈልግም። አንድ ምሽት ከዩኒቨርሲቲው የመጡ እንግዶች የእናቷን ፈትል ሲያደንቁ ሰማች። እናቴ እውነት በአሜሪካ አንደኛ ፈታይ ናት ወይ ብላ አዳምስን ጠየቀች። አዳምስም እናቷ ስላደጉበት የተራራ መንደር ነገረቻት፦ የዚያ መንደር ሴቶች ገደል አፋፍ ላይ ቆመው እንዝርታቸውን ወደ ታች ይለቁት ስለነበር ከአጎራባች መንደሮች ሁሉ የበለጠ ችሎታ ማዳበራቸውን፣ ያንን ሰፊ ኑሮ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት መለወጥም ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን። ልጅቱ እናቷን ከዚያ ጠባብ ቤት ውጭ አስባቸው አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እንደ ኋላ ቀር ነገር ተቆጥረው አልጋ ሥር በትልቅ ሣጥን ተደብቀው የኖሩት የእጅ ፈትል ልብሶች እንዲወጡ ፈቀደች፤ ወደ ሙዚየሙም ከእናቷ ጋር በአንድ በር መግባት ጀመረች።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልጅቱ ምንም አዲስ ሙያ አለመማሯ ነው። የተለወጠው የእናትየው መቀመጫ ነው፤ ከተረጂነት ወንበር ተነሥተው በአስተማሪ ወንበር ተቀመጡ፣ ያንንም ልጃቸው በሰው ፊት አየች። ዛሬ ለስደተኛ ተማሪዎች የሚዘጋጁ ብዙ የጥበብ ዝግጅቶች ቀለምና ወረቀት አከፋፍለው «አገራችሁን ሣሉ» ይላሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ መልካም ቢሆንም ዋናውን ነገር ይስታል፤ ወላጅ በሌለበት፣ የወላጅም እውቀት በማይጠየቅበት ክፍል ልጁ ያው በሌላ በር እንደገባ ነው።

የሙዚየሙን ጉድለት መደበቅ አይገባም። እንዝርቱን ከማሽኑ በፊት የመጣ እርከን አድርጎ መደርደር የእናቶችን ሙያ ያለፈ ዘመን ነገር ያስመስለዋል። የቅዳሜ ማታ አድናቆት የሰኞን ደመወዝ አይጨምርም። በስታር እጅ ተጠርዘው የወጡት ያማሩ መጻሕፍትም ሀብታም ብቻ የሚገዛቸው ነበሩ፤ እሷም በኋላ ሥራ ካቆሙ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በአደባባይ ተሰልፋለች።

በ1920ዎቹ ሰፈሩ ሲለወጥና ሜክሲኮውያን ሲበዙበት የእጅ ሥራው ወደ ሸክላ አዘነበለ። በ1927 ሚርትል ፍሬንች የምትመራው የሸክላ ማምረቻ በሀል ሃውስ ተቋቋመ፤ አብዛኞቹ ሠሪዎች ሜክሲኮውያን ነበሩ፣ ዕቃውም ለገበያ ይቀርብ ነበር። ይህ ከሙዚየሙ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ እጁ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያበላም ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፤ በመላው አሜሪካም እጅግ ብዙ ሜክሲኮውያን በግፊትና በግዳጅ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። የሸክላ ክፍል መኖር ከዚያ ሊያድን አይችልም ነበር።

ለእኛ ጉዳዩ ሌላ ሕመም አለው። በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። በጎንደር አካባቢ ወለቃን በመሰሉ መንደሮች ሸክላ ይሠሩ የነበሩ ቤተ እስራኤል ሴቶች በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከሄዱት ወገኖች መካከል ናቸው። እንዲህ ያለች እናት ሙያዋን በልጆቿ ፊት እንድታሳይ ስትጠየቅ የሚነካው ኩራቷ ብቻ አይደለም፤ አሮጌ ቁስልም አብሮ ይነካል፣ ስለዚህ ጠያቂው በጥንቃቄ ሊጠይቅ ይገባል። በ2011 በቴል አቪቭ የተመሠረተው ኩቺናቴ ደግሞ ጥገኝነት የጠየቁ፣ በብዛት ኤርትራውያን የሆኑ ሴቶች በኪሮሽ ቅርጫት እየሠሩ ገቢ የሚያገኙበት ማኅበር ነው፤ የሙዚየሙንና የሸክላ ማምረቻውን ሐሳብ በአንድነት የያዘ ይመስላል።

አዳምስ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋይ ሆና በ1935 አረፈች። የሀል ሃውስ አብዛኛው ክፍል በ1960ዎቹ ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ግቢ ሲባል ፈረሰ። የቀሩት የመጀመሪያው መኖሪያ ቤትና የመመገቢያ አዳራሹ ሲሆኑ፣ አሁን በዩኒቨርሲቲው ሥር ሙዚየም ሆነው ለጎብኚ ክፍት ናቸው።