መቅጠር ሌላ፣ ማቆየት ሌላ፦ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችና ሥራ

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚባሉት አቦርጂናሎችና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሰዎች ናቸው። በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቁጥራቸው 983,700 ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ 3.8 በመቶው ነው። በዚያው ዓመት ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ከሆነው መካከል ሥራ ያላቸው 55.7 በመቶ ነበሩ። በ2016 ከነበረው 51 በመቶ ይሻላል። በተመሳሳይ ዕድሜ ካለው ከሌላው ሕዝብ ግን ከአራት ሰው ሦስቱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ሥራ አለው። መንግሥት በ2020 ከነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ጋር ሲፈራረም የያዘው ግብ በ2031 62 በመቶ መድረስ ነው።

ብዙ ሰው ነገሩን «ለምን ሥራ አይገቡም?» ብሎ ይጀምራል። ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ራሱ ግር ይላል። የሰሜን አውስትራሊያ የከብት እርባታ የቆመው በእነሱ ጉልበት ነው። ወንዶቹ በፈረስ ከብት ሲነዱ፣ ሴቶቹ የባለቤቶቹን ቤት ሲያጸዱና ሲያበስሉ ኖረዋል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይና ትንባሆ ነበር። ኩዊንስላንድ ውስጥ ደግሞ ደመወዛቸውን መንግሥት «እኔ ልያዝላችሁ» ብሎ ይወስደው ነበር። ሠራተኞቹ ያላገኙት ያ ገንዘብ የጋራ ክስ ቀርቦበት በ2019 በ190 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ያን ቀን ሳያዩ አልፈዋል።

በነሐሴ 1966 በቪንሰንት ሊንጂያሪ መሪነት 200 ያህል ጉሪንጂ የሚባሉት አቦርጂናል ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በሰሜን አውስትራሊያ ዌቭ ሂል ከሚባለው የእንግሊዞች እርባታ ጥለው ወጡ። መጀመሪያ የጠየቁት ደመወዝ ነበር። ቆይቶ ጥያቄው የመሬት ሆነ። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መሬቱ መመለሱን ለማሳየት አፈር ዘግነው በሊንጂያሪ እጅ ላይ አፈሰሱ።

ነባር የእርባታ ሠራተኞች ከነጮቹ እኩል ይከፈላቸው የሚለው ውሳኔ ግን ጉድ ይዞ መጣ። በታኅሣሥ 1968 ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ባለ እርባታዎች ከመክፈል ማባረርን መረጡ። ሰዎቹ የሚኖሩት እዚያው እርባታው ላይ ስለነበር፣ ከሥራው ጋር ቤታቸውንም አጡ።

በ1977 ሌላ መላ ተሞከረ። የአንድ መንደር ሰዎች የሥራ አጥነት ድጎማቸው በአንድ ላይ ለማኅበረሰቡ ድርጅት ይሰጥና ድርጅቱ ሙሉ ቀን ላልሆነ ሥራ ደመወዝ አድርጎ ይከፍላቸዋል። ቆሻሻ ማንሳት፣ ቤት መጠገን፣ የሥዕል ማዕከል፣ ሁሉም በዚህ ተሠርቷል። በደራበት ጊዜ ከ30,000 በላይ ሰው ነበረበት። «ይሄ እውነተኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ ቀስ በቀስ ተዘጋ። በ2015 የተተካበት ፕሮግራም ርቀው በሚገኙ አካባቢዎች ያሉ ሥራ አጦችን በሳምንት 25 ሰዓት የሚያሠራ ነበር፤ ደመወዝ ሳይሆን ለድጎማው ሲባል ብቻ። የቀረ ሰው ድጎማው ይቆረጥበታል። በከተማ ያለ ሥራ አጥ ይህን ያህል ግዴታ አልነበረበትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከቀድሞው የባሰ ነበር። ግዴታው በ2021 ቀረ። በ2024 ደግሞ ደመወዝ፣ ፈቃድና ጡረታ ያላቸው 3,000 ሥራዎችን ለመፍጠር ያለመ ሌላ ፕሮግራም ተጀመረ።

መሰናክሎቹ ከሩቅ ሲታዩ ትልልቅ ይመስላሉ፤ ቀረብ ሲሉ ግን አንዳንዴ አንድ ካርድ ናቸው። መንጃ ፈቃድን ውሰዱ። አውቶቡስ በሌለበት መንደር ያለ መኪና ሥራ የለም። መንጃ ፈቃድ የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፤ የብዙዎች ልደት ደግሞ አልተመዘገበም። ፈተናው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለአንዳንዱ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋው። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ያልተከፈለ ቅጣት ያሳግደዋል። ስለዚህ ጥሩ የሚባሉት የሥራ ፕሮግራሞች የሥራ ማመልከቻ ከማስሞላታቸው በፊት ከዚህ ይጀምራሉ።

ተቀጥሮ መቆየቱም ሌላ ፈተና ነው። ለቅሶ ሲሆን «ሶሪ ቢዝነስ» ይሉታል። የሩቅ ዘመድም ቢሆን መቅረት ነውር ነው፣ ሥርዓቱም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ሰልስት ሳይወጣ ቢሮ ግባ የሚል አለቃ ስንቱን ሠራተኛ እንደሚያጣ እኛ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። ለሥርዓተ ባህል የሚሆን ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ በደመወዝ ይሁን ያለ ደመወዝ ግን ይለያያል። ሌላው ሸክም ደግሞ ቢሮው ውስጥ ብቸኛ ነባር መሆን ነው። ስለ ባህሉ የሚጠየቀው፣ በየስብሰባው የሚጠራው፣ ሲሳሳቱ የሚያርመው እሱ ነው፤ ያውም በነፃ።

ሰው የሚቆይበት ሥራ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሬንጀሮች፣ ማለትም መሬቱንና ተፈጥሮውን የሚጠብቁት ሠራተኞች፣ ናቸው። በሰሜን አውስትራሊያ ምዕራብ አርነም ላንድ ሰዎቹ ወደ ሚስዮናውያን ሰፈሮችና ከተሞች ከሄዱ በኋላ ደጋው ባዶ ቀረ። በበጋው ማብቂያ የሚነሳው ሰደድ እሳትም ከቁጥጥር ወጣ። ሬንጀሮቹ ተመልሰው የአያቶቻቸውን ዘዴ ያዙ። በበጋው መጀመሪያ፣ ሣሩ ገና እርጥበት እያለው፣ አንዳንዱን በእግር እየሄዱ፣ አንዳንዱን ከሄሊኮፕተር ተቀጣጣይ ኳስ እየጣሉ ትንንሽ እሳት ይለኩሳሉ። ኋላ የሚመጣው ትልቁ እሳት የተቃጠለው መሬት ላይ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። የሚወጣው ጭስም ይቀንሳል። በ2006 የዳርዊን ከተማ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ ራሱ ለሚያወጣው በካይ ጋዝ ማካካሻ እንዲሆን ለዚህ ሥራ ለ17 ዓመት በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍል ተስማማ፤ ቦታው 28,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ችግር ግን ቀረ፦ ልጆች ለትምህርት ከተማ ሲሄዱ ወላጅም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ካቡልዋርናምዮ በምትባለው መንደር በ2015 የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ሌላው መንገድ ንግድ ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ከግዢ ውሎቹ የተወሰነውን ለነባሮች ድርጅቶች ይሰጣል። ነባር ባለቤት ያለው ድርጅት ነባር ሠራተኛ ስለሚቀጥር ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ባለበት ስሙን የሚያከራይም አይጠፋም። ለጨረታ ሲባል ወረቀት ላይ አንድ ነባር ሸሪክ ያስገቡና ትርፉን ሌላው ይወስዳል። ቀድሞ 50 በመቶ ባለቤትነት ይበቃ ነበር። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ግን ድርጅቱ ቢያንስ 51 በመቶ በነባሮች የተያዘ ወይም በእነሱ ቁጥጥር ሥር ያለ እንዲሆን ተወስኗል።