ቡኒየን ምንድን ነው? ተፍቆ የሚጣል ነገርስ ነው?

እሁድ ዕለት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዤ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ አንድ ሰውዬ ስለ ቡኒየኗ፣ ማለትም ከእግሯ አውራ ጣት ሥር በጎን ስለወጣው ጉብታ፣ ለባለቤቱ ያስረዳል። «ቀላል ነው። ትርፍ አጥንት ነው፣ ፍቀው ይጥሉታል። በሳምንቱ ታኮሽን ታደርጊያለሽ።»

ቡናው መረረኝ። የአጥንት ሐኪም ነኝ፤ ይቺን «ትርፍ አጥንት» ስንት ጊዜ ሰማኋት!

ወንድሜ፣ ትርፍ የለም። ያ ያፈጠጠው ጉብታ የራሷ አጥንት ጫፍ ነው። ከአውራ ጣቱ ኋላ ያለው ረጅሙ አጥንት ወደ ሌላኛው እግር ይዘምማል፤ ጣቱ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጣት ይጋደማል። በመሃል መገጣጠሚያው ጥግ ሠርቶ ይወጣል።

የጭቃ ቤት አስቡ። ቋሚው ዘምሞ ግድግዳው ቢነፋ፣ ምርጊቱን ፍቆ የሚሄድ አናጢ ምን ትሉታላችሁ? ለጊዜው ለጥ ይላል። ቋሚው ግን እንደዘመመ ነውና ተመልሶ ይነፋል። ስለዚህ እኛ በአብዛኛው አጥንቱን ቆርጠን፣ ወደ ቦታው ገፍተን፣ በብሎን እናስረዋለን። ዘመሙ ሲብስ እግር መሃል ያለውን መገጣጠሚያ እስከማጣበቅ እንሄዳለን። መፋቁም አይቀርም፣ ግን ማሳረጊያ ነው። ከ100 በላይ የአሠራር ዓይነት የተጻፈውም ሁሉም እግር እኩል ስለማይዘም ነው።

ራጁንም ቆማችሁ ተነሱ፣ አደራ። ጣሪያው ያልተጫነው ቋሚ ዘመመ አልዘመመ አይባልም። ተኝቶ የተነሳ ራጅ ይዞልኝ የመጣን ሰው መልሼ እልካለሁ።

«በሳምንቱ» ደግሞ ከየት መጣ? አጥንቱ እስኪገጥም ብቻ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ እብጠቱ ወራት ሊቆይ ይችላል። ምርጊት ሳይደርቅ ማን ይደገፈዋል? ብስክሌት መንዳቱም ይቆያል። ስኳር ያለበት፣ የእግሩ ደም ዝውውር ደካማ የሆነ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አስቀድሞ ይንገረን፤ ቁስሉም አጥንቱም ይዘገይበታል።

ለመልክ ብቻ አልቆርጥም። ሕመሙ ነው የሚወስነው። በነገራችን ላይ ሌሊት ድንገት ቀልቶ የሚያቃጥል አውራ ጣት ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በጣቶች መሃል የሚገባው ስፖንጅም ያሳርፋል እንጂ የአዋቂን አጥንት አያቃናም።

ሴትዮዋ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃለች። አፍንጫው ሹል ነው። ጫማ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፣ በዘርም ይመጣል። እኔ ብሆን ግን ብሎን ከማሰቤ በፊት እሱን እቀይር ነበር።