ከመያዣ ገንዘብ ላይ የሚቀነሰውና የማይቀነሰው

አከራይ ከያዘው የመያዣ ገንዘብ ላይ የሚቀንሰው ተከራዩ ላደረሰው ጉዳት ሲሆን፣ ቤቱ በተለመደ አኗኗር ወይም በዕድሜ ብዛት ለሚያሳየው እርጅና ግን ወጪው የራሱ የአከራዩ ነው። በደሴ፣ በተለይ ክረምቱ በሚበረታባቸው የጦሳ ተራራ ሥር ሰፈሮች፣ ጣሪያ አፍስሶ የሻገተ ግድግዳ በተከራዩ ሊሳበብ አይገባም፤ ተከራዩ የሰበረው መስታወት ወይም የገነጠለው በር ግን ይታሰብበታል። የተሰበረው ዕቃ አሮጌ ከነበረ የአዲሱን ሙሉ ዋጋ ማስከፈል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ አግባብ መበልጸግ (በሌላው ኪሳራ ያለ በቂ ምክንያት መጠቀም) ከሚለው ነገር ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ዕቃው የሰጠው አገልግሎት ተገምቶ መቀነሱ ተገቢ ይመስለኛል። ያልተከፈለ የመብራትና የውኃ ሂሳብ የሚያከራክር አይደለም፤ ደረሰኙ ይናገራል። ለጉዳቱ ግን፣ በመግቢያው ዕለት የቤቱ ሁኔታ በዝርዝር ተጽፎና በሁለቱም ወገኖች ተፈርሞ ከውሉ ጋር ካልተያያዘ፣ ክርክሩ በሽማግሌ ፊትም ሆነ በፍርድ ቤት በምስክር ቃል ላይ ይንጠለጠላል።