ፎስፈረስ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል ወይስ አይወርድም?

ፎስፈረስ በፍግና በማዳበሪያ ውስጥ ያለ የተክል ምግብ ነው። «ፎስፈረስ አፈር ላይ ታስሮ ይቀራል» ሲባል ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ከፍግና ከማዳበሪያ የሚመጣው ሌላው ንጥረ ነገር ናይትሬት (በውሃ የሚሟሟ የናይትሮጅን ዓይነት) ከዝናብ ጋር ቁልቁል ይሰርጋል። ፎስፈረስን ግን ቀይ አፈር ውስጥ ያሉት ብረትና አሉሚኒየም አጥብቀው ይይዙታል። ይሄ እርግጥ ነው።

ግን አፈርም ልክ አለው። በረት አጠገብ ያለች የጓሮ ማሳ እንውሰድ። በየዓመቱ ፍግ ይደፋባታል፣ ኤንፒኤስም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ይጨመርላታል። ጎመኑ የማይጨርሰው ይጠራቀማል። አፈሩ ሲጠግብ ትርፉ ቅርብ ወዳለው የከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል።

በስንት ዓመት? እሱ ይለያያል። አሸዋማ አፈር ቶሎ ይጠግባል። ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ፎስፈረሱን ይዞ በስንጥቁ ሾልኮ ያልፋል።

ለጠጪው ይበልጥ የሚያሰጋው ናይትሬቱ ነው። የፎስፈረሱ ጣጣ ውሃው ሐይቅ ሲደርስ ነው፤ በሊትር 0.03 ሚሊግራም አካባቢ እንኳ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርግ አልጌ ሊያፈላ ይችላል። ፍግ የጠገበ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት እባካችሁ አፈሩን አስመርምሩ።